የሰርቮ ሊንኬጅ ሳጥን፦ ሽቦው ይግባ፣ ክሌቪሱ ይውጣ

ሞዴል አውሮፕላን የሚያበር ሰው ሲገናኝ ወሬው ሞተር፣ ባትሪና ሬዲዮ ነው። ሰርቮውን (ሬዲዮው ሲያዘው የሚዞረውን ትንሽ ሞተር) ከኤሌሮኑ (አውሮፕላኑን ወደ ጎን ከሚያዘነብለው የክንፉ የኋላ ክፍል) ጋር ስለሚያገናኘው ሽቦ የሚያወራ የለም። ሰውየው ውድ ዲጂታል ሰርቮ ይገዛል። ከዚያ እጁ ላይ ባገኘው ልል ፕላስቲክ ያያይዘዋል። በመጨረሻ «ይሄ አውሮፕላን ቀጥ ብሎ አልበር አለኝ» እያለ ያማርራል። ሰርቮው ምን ያድርግ?

ዛሬ የምገመግመው ይህንኑ ችላ የተባለ ዕቃ ነው። የሊንኬጅ ዕቃ፣ ማለትም ሰርቮውን ከሚያንቀሳቅሰው ክፍል ጋር የሚያያይዘው ሽቦና መያዣ ሁሉ፣ በአንድ ሳጥን ተሰብስቦ የሚሸጥበት ዓይነት። ስሙን አልጠራም። ክዳኑ ላይ ያለው ወረቀት እየተቀየረ ያው ሳጥን በተለያየ ስም ስለሚሸጥ ስሙ ብዙም አይጠቅማችሁም። ስታዩት ትለዩታላችሁ። ክፍልፍል ያለው ግልጽ የፕላስቲክ ሳጥን ነው። ባለ 2 ሚሊሜትር ሽቦዎች፣ ነጭ የናይለን ቱቦ፣ የናይለንና የብረት ክሌቪስ (የሽቦው ጫፍ ላይ የሚገባ፣ ፒን ያለው ሹካ መሰል መያዣ)፣ ሆርን (ኤሌሮኑ ላይ የሚታሰር ባለ ቀዳዳ ቁራጭ)፣ የሰርቮ ክንዶች (ሰርቮው ላይ ተሰክተው የሚዞሩ)፣ ሽቦ በብሎን የሚይዙ ማቆሚያዎች፣ ጥቂት ቦል ሊንክ (ሶኬት ውስጥ የሚዞር ኳስ ያለው መያዣ)፣ የሲሊኮን ቀለበት፣ አንድ እፍኝ ትናንሽ ብሎን እና አንድ ገጽ መመሪያ አለው።

የሞከርኩት ክንፉ ከላይ በተቀመጠ የባልሳ እንጨት መለማመጃ ላይ ነው። የክንፉ ርዝመት 1.6 ሜትር፣ ሞተሩ ኤሌክትሪክ፣ ለእያንዳንዱ ኤሌሮን የራሱ ትንሽ ሰርቮ። ጅራቱ ላይ ያሉት ኤሌቬተሩና (አፍንጫውን የሚያነሣና የሚደፋው) ራደሩ (ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረው) ግን ሰርቯቸው ሆድ ውስጥ ስለሆነ እስከ ጅራት 60 ሴንቲሜትር ያህል የሚሄድ ሽቦ ይፈልጋሉ። ለእንደዚህ ዓይነት ሳጥን ጥሩ ፈተና ነው። አጭርም ረጅምም ሽቦ አለ፣ ቀላልም ከባድም ሥራ አለ።

ከሽቦው ልጀምር፣ ምክንያቱም ሳጥኑ ውስጥ ምርጡ ዕቃ እሱ ነው። ቀጥ ያለ ነው። ጠረጴዛ ላይ አንከባለልኩት፣ አልነጠረም። አንድ ጫፉ ላይ ያለው የብሎን ጥርስ ንጹህ ነው፣ በጣት ሲዳሰስ አይቧጥጥም። ብረቱም ልክ የሆነ ጥንካሬ አለው። በፒንሳ ሲታጠፍ ይታጠፋል፣ ግን ገፋ ሲያደርጉት አይለመጥም። የዜድ ቅርጽ እጥፋት ሠራሁበት፣ አልተሰነጠቀም። አንዳንዱ ርካሽ ሽቦ እዚያች እጥፋት ላይ ነው ቀጭን ስንጥቅ የሚያወጣው። ስንጥቁ መሬት ላይ አይታይም። አየር ላይ ነው ጉዱ የሚፈላው።

የዜድ እጥፋት ካወቁበት ከሁሉም የሚሻል መያዣ ነው። የሚላላ ብሎን የለው፣ የሚከፈት ነገር የለው። ለዚሁ የተሠራ ፒንሳ አለ፣ አንድ ጊዜ ጨበጥ ካደረጉት ሁለቱንም ማዕዘን ያወጣል። እኔ የሰርቮው ጫፍ ላይ ዜድ፣ የሆርኑ ጫፍ ላይ ክሌቪስ አደርጋለሁ። አንደኛው ጫፍ ለዘላለም፣ ሌላኛው ጫፍ ለማስተካከያ። ዜዱን ለማስገባት ክንዱን ከሰርቮው መንቀል ግድ ነው። ያችን ብቻ ታገሡት።

አሁን ወደ ክሌቪሱ። እዚህ ላይ ሳጥኑ ያሳፍራል።

የናይለኑ ክሌቪስ ይሁን ግዴለም። ሽቦው ራሱ ናይለኑ ውስጥ ጥርሱን እየቀረጸ ይገባል፣ ጥብቅ ይላል፣ ለመለማመጃ ይበቃል። ችግሩ የብረቱ ነው። የሽቦው ጥርስ በሚሊሜትር ልክ ኤም 2 ነው። ከብረት ክሌቪሶቹ መካከል ግን 2-56 በሚባለው የኢንች ልክ የተሠሩ ተቀላቅለው መጥተዋል። በዓይን አይለዩም። ኤም 2 ዲያሜትሩ 2 ሚሊሜትር ሆኖ አንድ ዙር 0.4 ሚሊሜትር ይሄዳል። 2-56 ደግሞ 2.18 ሚሊሜትር ሆኖ አንድ ዙር 0.45 ገደማ ይሄዳል። ሁለቱን ስታጋጥሙ መጀመሪያ ልል ብሎ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ትንሽ ከሄደ በኋላ ጥርስ ለጥርስ ይናከሳል። እጃችሁ «ጠበቀ» ይላችኋል። የጠበቀ ግን የለም፣ የተያዘው በሁለት በሦስት ጥርስ ነው። ሳብ ሲደረግ ይወጣል።

መለያው ቀላል ነው። ክሌቪሱን በጣት ብቻ አዙሩት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ስሜት ከሰጠ ልኩ ነው። መጀመሪያ ላይ ከተንቀጫቀጨ ወይም መሀል ላይ ካስቸገረ ፒንሳ አታንሡ፣ ጣሉት። ሰው እዚህ ላይ ነው በጉልበት የሚገባበት።

ክሌቪሱ ከመንቀጫቀጭ ካለፈ በኋላ ሌላ ጣጣ አለ። ይሄኛው የሆርኑ ነው። የሆርኑ ቀዳዳ በካሊፐር ሲለካ 1.8 ሚሊሜትር ነው። የክሌቪሱ ፒን 1.6። ልዩነቱ 0.2 ሚሊሜትር። «0.2 ምን አላት?» የሚል ካለ እንቁጠረው። ከማጠፊያው መስመር 9 ሚሊሜትር ርቆ ያለውን የውስጠኛውን ቀዳዳ ብትጠቀሙና የኤሌሮኑ ስፋት 45 ሚሊሜትር ቢሆን፣ ያቺ 0.2 ኤሌሮኑ ጫፍ ላይ 1 ሚሊሜትር ሙሉ ሆና ትወጣለች። በሰርቮው በኩል ያለው ልቅነት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ኤሌሮኑን በጣት ስትነካኩት ቀጭ ቀጭ የሚለው ይህ ነው። ቀስ ብሎ በሚበር አውሮፕላን ላይ ጉዳቱ ትንሽ መዋለል ብቻ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ግን ልል የሆነ ኤሌሮን በነፋሱ መርገብገብ ሊጀምር ይችላል። ርግብግቡ ከያዘ ሰርቮውን፣ ማጠፊያውን፣ አንዳንዴም ክንፉን ራሱን ይዞ ይሄዳል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የውጨኛውን ቀዳዳ ተጠቀሙ። የዚህ ሆርን የውጨኛ ቀዳዳ 18 ሚሊሜትር ላይ ስለሆነ ያው 0.2 ኤሌሮኑ ጫፍ ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ቀዳዳው ውስጥ አንዲት ጠብታ ቀጭን ሱፐር ግሉ ጣል አድርጉ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በ1.6 ፑንታ በእጅ እያዞራችሁ ክፈቱት። ትራፓኖ አያስፈልግም፣ ፑንታዋን በጣት ይዞ ማሽከርከር ይበቃል። ከዚህ በኋላ ፒኑ ሲገባ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ይዞራል። የምንፈልገው ያንን ነው። አምራቹ መጀመሪያውኑ 1.6 አድርጎ ቢበሳልን ይሄ ሁሉ ባልመጣ።

ሆርኑ ሌላው ነገሩ ደህና ነው። ከሥሩ ወደፊት ዘንበል ብሎ የተሠራ ስለሆነ ቀዳዳዎቹ በትክክል ከማጠፊያው መስመር በላይ ይውላሉ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቀዳዳው ከማጠፊያው መስመር ወደኋላ ከቀረ ኤሌሮኑ ወደላይና ወደታች እኩል አይሄድም። ከኋላ የሚደረገው ሳህንም ወፍራም ነው። ባልሳው ላይ ግን ዝም ብላችሁ አትሰሩት። የብሎኖቹን ቀዳዳ ከበሳችሁ በኋላ እዚያም ቀጭኑን ሱፐር ግሉ ጠብ አድርጉበት፣ እንጨቱ ይጠነክራል። ካልሆነ ብሎኑን ባጠበቃችሁት ቁጥር ሳህኑ እንጨቱ ውስጥ እየሰመጠ ይሄዳል።

አሁን ወደ መመሪያው። አንድ ገጽ ነው ብያለሁ። ከዚያ ገጽ ውስጥ ያናደደኝ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ሁሉንም ካያያዛችሁ በኋላ የቀረውን በሬዲዮው አስተካክሉ ይላል። ይሄ ለጀማሪ የሚሰጥ ምክር ነው? ሬዲዮው የመጨረሻው ጉርሻ ነው እንጂ ዋናው ምግብ አይደለም።

እኔ ጋር አንድ ልጅ ይመጣል፣ ለማበር አዲስ ነው፣ ጎበዝ ነው። ወረቀቱን አንብቦ ነበርና ክሌቪስ ሳዞር ሲያየኝ፦

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ከሚለፉ ሬዲዮው ላይ በአንድ ቁልፍ አይስተካከልም?»

«ይስተካከላል ልጄ። ግን አልሸሹም ዞር አሉ ነው። ጥፋቱ ካለበት አልተነሣም፣ ተሸፈነ እንጂ።»

አላመነኝም። ስለዚህ ለካንለት። ሰርቮው በየጎኑ 45 ዲግሪ ይዞራል እንበል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ረጅሙ ክንድ የውጭ ቀዳዳው ከመሀል 14 ሚሊሜትር ነው። በ18ቱ የሆርን ቀዳዳ ስናያይዘው ኤሌሮኑ 33 ዲግሪ ይሄዳል። ለመለማመጃ ይሄ እብደት ነው። ልጁ እንዳለው ሬዲዮው ላይ ቀነስነው፣ ኤሌሮኑ 18 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ሰርቮው የሚዞረው 24 ዲግሪ ብቻ ሆነ። ከሰርቮው ጉዞ ግማሽ ያህሉን ጣልነው ማለት ነው። ከዚያ ሽቦውን በክንዱ ላይ 8 ሚሊሜትር ወዳለችው ቀዳዳ አመጣነው፣ ሬዲዮውን ወደ ሙሉው መለስነው። ኤሌሮኑ ያው 18 ዲግሪ። ሰርቮው ግን 45ቱንም ይጠቀማል።

ጉልበቱንም ቁጠሩት። 1.6 ኪሎግራም-ሴንቲሜትር የሚል ትንሽ ሰርቮ በ8 ሚሊሜትር ላይ 2 ኪሎ ይገፋል። በ14 ሚሊሜትር ላይ 1.14 ኪሎ ብቻ። የሰርቮው ጊር ውስጥ ያለው ልቅነትም በረጅሙ ክንድ አንድ ነጥብ ሰባት አምስት ጊዜ ተባዝቶ ነው ኤሌሮኑ ላይ የሚደርሰው። ሰርቮ ሳይቀየር፣ ባትሪ ሳይቀየር፣ አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ በመምጣት ብቻ የተሻለ ሰርቮ ገዛችሁ ማለት ነው። ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ካቻቢቴውን ተቀበለኝ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መመሪያው እንደሚለው አይደለም። መጀመሪያ ፕሮፔለሩን አውልቁ፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ቀልድ አያውቅም። ሬዲዮውን ቀድማችሁ አብሩ፣ ትሪሙንም ሰብትሪሙንም (የሰርቮውን መሀል ትንሽ የሚያዛንፉትን የሬዲዮ ማስተካከያዎች) ዜሮ አድርጉ። ሰርቮው መሀል ላይ ይቁም፤ መሀል ማለት የ1.5 ሚሊሰከንድ ምልክት ሲደርሰው የሚቆምበት ነው። ከዚያ ክንዱን ሽቦው ላይ 90 ዲግሪ እንዲሆን አድርጋችሁ ሰካ አድርጉት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይበሳጫል፣ ምክንያቱም ክንዱ በትክክል 90 ላይ አይቆምም። የሰርቮው ዘንግ ጥርስ አለው። ከአምራቾቹ የፉታባ ዓይነቱ 25 ጥርስ ነው፣ የጄአር 23፣ የሂቴክ ብዙዎቹ 24። በ25ቱ አንድ ጥርስ ማለት 14.4 ዲግሪ ነው፤ በአንድ ጥርስ ወዲህ ብትሉት ይበዛል፣ ወዲያ ብትሉት ይበዛል። ግን አራት እጅ ያለውን የመስቀል ክንድ ውሰዱ። 90 ለ14.4 ሲካፈል 6 እና ሩብ ይመጣል። ያቺ ሩብ ጥርስ 3.6 ዲግሪ ናት። ክንዱን አውጥታችሁ ሌላኛውን እጅ ወደ ሽቦው አዙራችሁ ብትሰኩት በ3.6 ዲግሪ የተለየ ቦታ ላይ ይቆማል። አራቱን እጆች ሞክሩ፣ ከአራቱ አንዱ ለ90 በጣም የቀረበ ይሆናል። ከዚያ የቀሩትን ሦስቱን በፒንሳ ቆርጣችሁ ጣሉ። በ24ቱ ግን ይሄ ዘዴ አይሠራም። እዚያ አንድ ጥርስ 15 ዲግሪ ስለሆነ 90ን እኩል 6 ቦታ ይከፍለዋል፣ አራቱም እጅ ያው አንድ ቦታ ላይ ይውላል።

የዚህ ሳጥን ክንዶች ለ25 ጥርስ የተሠሩ ናቸው። ሳጥኑ ላይ የትም አልተጻፈም። ሌላ ሰርቮ ያለው ሰው በጉልበት ገፍቶ ያስገባዋል፣ የገባ ይመስላል፣ ውስጡ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ግን ይላጣል። አንድ መስመር ቢጽፉ ምን ነበረበት?

ክንዱ ከተሰካ በኋላ ነው ክሌቪሱ የሚዞረው። በኤም 2 አንድ ሙሉ ዙር 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ በ18 ሚሊሜትር ሆርን ላይ ከአንድ ዲግሪ ትንሽ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ግማሽ ዙርም ይቻላል፣ ክሌቪሱ ተገልብጦ ስለሚገባ። በዚህ ሁሉ ያልተስተካከለች ትንሽ ነገር ከቀረች፣ እሷን ለሰብትሪም ተዉላት። ክሌቪሱ ከተዘጋ በኋላ የሲሊኮን ቀለበቷን ወደፊት ገፋ አድርጋችሁ የክሌቪሱን ሁለት ጣቶች እንድትይዝ ማድረግ አትርሱ። የሳጥኑ ቀለበት ጥሩ ነው፣ ይጠብቃል፣ አይቀደድም። ይሄን ካመሰገንኩ ላይቀር፣ ቁጥሩም ከክሌቪሱ ይበልጣል። ቀለበት የሚጠፋ ዕቃ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነው ያሸገው።

ለኤሌሮን አንድ ተጨማሪ ነገር። መለማመጃ ላይ ወደላይ የሚሄደው ኤሌሮን ወደታች ከሚሄደው ትንሽ ቢበልጥ አውሮፕላኑ ሲዘነብል አፍንጫው ወደ ተቃራኒው አይጎተትም። ሰርቮው ክንፉ ሥር ሆኖ ሆርኑም ከታች ከሆነ፣ ክንዱን ወደ ክንፉ ፊት አንድ ጥርስ ዘንበል አድርጉት። በ14.4 ዲግሪ ዘንበል ሽቦው ወደኋላ የሚገፋው ወደፊት ከሚስበው በሩብ ያህል ይበልጣል። ሲገፋ ነው ኤሌሮኑ ወደላይ የሚወጣው። ስለዚህ የምትፈልጉት ልዩነት ሬዲዮው ሳይነካ ተገኘ። ለኤሌቬተርና ለራደር ግን ዘንበል የለም፣ 90 ማለት 90 ነው።

ወደ ናይለን ቱቦው። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቱቦ አለ፣ ወፍራሙ ውጭ ሆኖ ይጣበቃል፣ ቀጭኑ ውስጡ ይንሸራተታል። ይሄን ቀጭኑን ናይለን እንደ መግፊያ ዘንግ ተጠቀሙበት ይላል መመሪያው። ለአጭር ርቀት ይሁን። ለ60 ሴንቲሜትር ግን አይሆንም። ናይለን ሙቀት ሲያገኝ ይረዝማል። ጠዋት በቀዝቃዛው አስተካክላችሁ፣ ከሰዓት በ20 ዲግሪ ጨምሮ ሲገኝ 60 ሴንቲሜትሩ ወደ 1 ሚሊሜትር ገደማ ይጨምራል። በ18 ሚሊሜትር ሆርን ላይ ይሄ ኤሌቬተሩን ወደ 3 ዲግሪ ያዞረዋል። አውሮፕላኑ ጠዋት ቀጥ ብሎ ሲበር ውሎ ከሰዓት አፍንጫውን ይደፋል ወይም ያነሣል፣ ባለቤቱ ደግሞ ሰርቮውን ይጠረጥራል። በዚያው ሁኔታ የብረቱ ሽቦ የሚረዝመው 0.14 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ስለዚህ እኔ ቀጭኑን ናይለን ትቼ ወፍራሙን ቱቦ ብቻ ተጠቀምኩ፣ የብረቱን ሽቦ ውስጡ አስገባሁ። ሽቦው ቱቦው ውስጥ ትንሽ ይላላል፣ ግን ይህ ልቅነት የጎን ነው እንጂ የርዝመት አይደለም፣ አይጎዳም። ቱቦው ግን መደገፍ አለበት። ቀጭን ሽቦ ሲሳብ ጀግና ነው፣ ሲገፋ ይጎብጣል። ድጋፍ በሌለበት ርዝመቱ ግማሽ ከሆነ ሳይጎብጥ የሚሸከመው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። እኔ ሆዱ ውስጥ ባሉት የባልሳ ግድግዳዎች ሁሉ ላይ ቱቦውን አጣበቅሁት፣ ግድግዳ በሌለበትም ቁራጭ ባልሳ አቋረጥኩበት። ሙጫ ከማድረጋችሁ በፊት ናይለኑን በብርጭቆ ወረቀት አሻሹት። ልሙጥ ናይለን ሙጫ አይዝም።

ካጣበቅሁት በኋላ ኤሌቬተሩን በእጄ ይዤ ሬዲዮው ላይ ስቲኩን ገፋሁ። ሽቦው አልጎበጠም፣ ሰርቮው ነው የታገለኝ። ልክ እንደዚያ ነው መሆን ያለበት።

በብሎን የሚይዙት ማቆሚያዎች በጣም ይመቻሉ፣ ለዚህም ነው የማልወዳቸው። ሽቦውን ሰካ፣ ብሎኗን ጠበቅ፣ አለቀ። ከዚያ አንድ ቀን ብሎኗ ትላላና ሽቦው ይንሸራተታል። ለቀላል የፎም አውሮፕላን ወይም ለስሮትል (የነዳጅ ሞተር ማፍጠኛ) ይሁን። ለኤሌቬተር ግን አይታሰብም። የግድ ከሆነ ሽቦው ላይ ብሎኗ የምታርፍበትን ቦታ በሞረድ ጠፍጣፋ አድርጉ፣ ብሎኗንም እንዳትላላ በሚያደርገው ሰማያዊ ማጣበቂያ አስገቧት። ማጣበቂያው ብረት ለብረት ላይ ብቻ ይሁን። ፕላስቲኩ ክንድ ላይ ከፈሰሰ አንዳንዱን ፕላስቲክ ያሰነጥቃል። የሳጥኑ ማቆሚያ ሌላ ድክመት አለው፤ ከሥር ያለችው ዳዶ በጣም ቀጭን ናት፣ ጥርሷ ቶሎ ያልቃል።

ቦል ሊንኩ ላይ ስደርስ ሳጥኑን እንደገና ወደድኩት። ኳሱ ናስ ነው፣ በደንብ ተልጓል፣ ሶኬቱ ጥብቅ ብሎ ይዘጋል። ኤሌሮኑን በጣት ስነካካ ከቦል ሊንኩ በኩል የሚሰማ ቀጭ የሚል ነገር የለም። ሽቦው በሰያፍ ሲሄድም አይታገልም። ችግሩ ቁጥሩ ነው፤ ለሁለት ኤሌሮን ብቻ የሚበቃ ነው፣ ለዚያውም ለአንድ ጫፍ። ለኤሌቬተር አልተረፈኝም። ኳሱን ክንዱ ላይ ስታስሩ ከክንዱ ብዙ አይራቅ፣ በጣም ወጣ ካለ ክንዱን ይጠመዝዘዋል።

አንድ የድሮ ጭንቀት ላንሣ። የብረት ክሌቪስ ከብረት ክንድ ጋር ሲፋተግ ሬዲዮውን ያደናግራል የሚሉ የቆዩ ሰዎች አሉ። በ72 ሜጋኸርዝ ዘመን እውነት ነበር። በ2.4 ጊጋኸርዝ ብዙም የሚያሳስብ አይደለም። እኔ አሁንም አንዱን ጫፍ ናይለን አደርጋለሁ፣ የለመደ እጅ ነው።

ሁሉም ካለቀ በኋላ አንድ ነገር አድምጡ። ሬዲዮው በርቶ፣ ስቲኩ መሀል ላይ ሆኖ፣ ጆሯችሁን ሰርቮው ጋ አድርጉ። የሚያጉረመርም ከሆነ ክሌቪሱን ክፈቱትና እንደገና አድምጡ። ጸጥ ካለ ጥፋቱ የሊንኬጁ ነው፤ የሆነ ቦታ ይያዛል፣ ሰርቮው በከንቱ እየገፋ ባትሪ እየበላ ነው። ክሌቪሱ ተከፍቶም ካጉረመረመ የሰርቮው ጠባይ ነው፣ ዲጂታሎቹ ትንሽ ያንጎራጉራሉ። በእኔ አውሮፕላን ራደሩ ብቻ አጉረመረመ። ሽቦው ከጅራቱ ሲወጣ የቱቦው አፍ ላይ ጎን ለጎን እየተፋተገ ነበር። ቱቦውን አንድ ጣት ያህል አሳጠርኩት፣ ዝም አለ።

ትንንሾቹ ብሎኖች ላይ አልቆይም። ራሳቸው ለስላሳ ነው፣ ካቻቢቴ ሲገባባቸው ይበላሉ። ከሰርቮው ጋር የመጡትን ተጠቀሙ። በተለይ ክንዱን መሀል ላይ የምትይዘውን ብሎን ከዚህ ሳጥን አትውሰዱ።

ማን ይግዛው? የመጀመሪያውን ወይም ሁለተኛውን የባልሳ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ይግዛው። ሽቦው፣ ወፍራሙ ቱቦ፣ ሆርኑ፣ ቀለበቱና ቦል ሊንኩ ከነጥቂት ሥራቸው ይሠራሉ። የብረት ክሌቪስ ግን ለብቻ ግዙ፣ ሲገዙም ኤም 2 መሆኑን አረጋግጡ። የፎም አውሮፕላን ብቻ ያለው ሰው ግማሹን ዕቃ አይነካውም። ፈጣን ወይም ትልቅ አውሮፕላን ያለው ሰው ደግሞ ይለፈው፤ ለዚያ ኤም 3 ሽቦና ሁለቱም ጫፍ ላይ ቦል ሊንክ ያስፈልጋል፣ ይሄ ሳጥን ኤም 3 የለውም፣ ቦል ሊንኩም አይበቃም።

ሌላው፣ የሳጥኑ ክዳን መቆለፊያ ልፍስፍስ ነው። ገና ቦርሳ ውስጥ ሲቆም ይከፈትና ክሌቪሱም ቀለበቱም ብሎኑም ይደባለቃል። ወፍራም ላስቲክ ዙሩበት።